ከቀራንዮ ወደ ምዕራብ፤ የመንገድና የቢስክሌት ታሪክ

መንገድ ከሠሪዎቹ ዕድሜ በላይ ይኖራል። ያዘዘው ንጉሥ ያልፋል፤ ድንጋዩን የፈለጠው ገበሬም ያልፋል፤ የታቀደለት ጉዳይም አንዳንድ ጊዜ ሳይፈጸም ይቀራል። መንገዱ ግን እግር እስከረገጠው ድረስ፣ ተከታዩ ትውልድ ሌላ ትርጉም እየሰጠው ይቀጥላል። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚወጡት ጎዳናዎች ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ታሪኩ በሚገባ የሚነበበውም ከመኪና መስኮት ሳይሆን፣ ዳገቱን በጉልበት፣ ቁልቁለቱን በነፋስ ከምታስለካው ከቢስክሌት ኮርቻ ላይ ነው።

የመድኃኔ ዓለም ደብር የሚገኝበት ቀራንዮ በከተማይቱ ምዕራባዊ ዳርቻ ያለ ሠፈር ነው። ከዚያ ቆሞ ወደ ፀሐይ መጥለቂያ ለሚመለከት፣ ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የወጨጫ ተራራ ይታየዋል። ሁለት ጎዳናዎች ሠፈሩን ከቀኝና ከግራ አቅፈው ይወጣሉ። የሰሜኑ በአስኮና በቡራዩ አልፎ፣ የገፈርሳን የውኃ ማጠራቀሚያ ሐይቅ ተጎራብቶ፣ በሆለታና በአዲስ ዓለም በኩል አምቦ ይደርሳል። የደቡቡ በዓየር ጤናና በሰበታ በኩል ወሊሶ ይገባል። አምቦንና ወሊሶን የሚያገናኘው፣ ለረጅም ዘመን ፒስታ ሆኖ የኖረው መንገድ ደግሞ የወንጪን ተራራ ይታከካል። ሦስቱ ሲጋጠሙ ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ክብ ይሠራሉ። ተራራና ሐይቅ፣ ደንና የእህል ማሳ በዚህ ክብ ውስጥ በአንድነት ይገኛሉ።

ከእነዚህ መካከል የጥንት ታሪክ ያለው የአዲስ ዓለም መንገድ ነው። በ1890ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ አዲስ አበባ የማገዶ እንጨት ጠፍቶባት ነበር። የከተማው ሕዝብ በዙሪያው ያለውን ደን ጨርሶ በመቁረጡ፣ ዳግማዊ ምኒልክ እንደ ቀድሞው የመናገሻ ከተሞች ልማድ ሠፈር ለመለወጥ አሰቡ፤ በ1893 ዓ.ም. ግድምም ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቅ ኮረብታ ላይ አዲሱን ከተማ ማሠራት ጀመሩ። ስሙ አዲስ ዓለም ተባለ። ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኝ፣ በዘመናዊ ዘዴ የተሠራ ጎዳናም ተዘረጋ። መንገዱን የነደፉት ጣሊያናውያን መሐንዲሶች ሲሆኑ፣ አፈሩን የቆፈረውና ድንጋዩን የተሸከመው ጉልበት የአገሬው ሰው ነበር። አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን በ1896 ዓ.ም. ግድም ለመንገድ ሥራ ያስመጣው በእንፋሎት የሚሄድ መዳመጫ «የሰርኪስ ባቡር» ተብሎ በሕዝቡ አፍ የገባውም በዚሁ ዘመን ነው።

ነገር ግን ከተማው አልተዛወረም። ባሕር ዛፍ ፈጥኖ በማደጉ አዲስ አበባ ከማገዶ ችግር ዳነች፤ በአዲስ ዓለም የተጀመረውም ቤተ መንግሥት ወደ ማርያም ቤተ ክርስቲያንነት ተለወጠ። ለማይመጣ መናገሻ የተሠራው መንገድ ግን ባዶውን አልቀረም። ገበያተኛው፣ አህያ ነጂው፣ ፈረሰኛውና ተሳላሚው ወረሱት። ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ጎዳናው የተወለደው ከመኪና በፊት መሆኑ ነው። በአገሪቱ ከቀደሙት ዘመናዊ መንገዶች አንዱ የተቀመረው በሰውና በከብት እርምጃ ነበር።

በዚሁ አቅጣጫ፣ በወጨጫ ተዳፋት ላይ የሚገኘው የመናገሻ ሱባ ደን ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ በመጣ ዘር ጽድ እንዳስተከሉበት ይነገራል። አንዱ ትውልድ ደን ሲተክል፣ ሌላው ደን ጨርሶ ከተማ ለመለወጥ ሲነሣ፣ ምዕራቡ መንገድ ሁለቱንም በአንድ ቀን ጉዞ ያሳያል። መኪና ውስጥ ላለ ሰው ይህ ሁሉ የአንድ ሰዓት ያህል ነገር ነው። በቢስክሌት የሚወጣ ግን የባሕር ዛፉ ሽታ የት እንደሚያበቃና የጽዱ ጥላ የት እንደሚጀምር በሳንባው ያውቀዋል።

ቢስክሌት በሰፊው ከሕዝቡ ዘንድ የታወቀችው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ለዚህ ቋንቋው ራሱ ምስክር ነው፤ «ጎሚስታ» እና «ፒስታ» የተባሉት ቃላት ጣሊያን ሲወጣ አብረው አልወጡም። በዚያን ጊዜ በጣሊያን ቅኝ አገዛዝ ሥር በነበረችው አሥመራ የቢስክሌት ውድድር የጀመረው ለገዢዎቹ መዝናኛ ሲሆን፣ የአገሬው ሰው ከነጭ ጋር እንዳይወዳደር ተከልክሎ ቆይቷል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1939 ሁለቱ ወገኖች በአንድነት በተወዳደሩበት ዕለት ግን ያሸነፈው ኤርትራዊው ገብረማርያም ገብሩ ነበር። የበላይነትን ለማሳየት የተጠራ ውድድር የበላይነትን ተረት አፈረሰ። መሣሪያው የመጣው ከገዢው ነው፤ ዳገቱን የወጣው ጉልበት ግን የተገዢው ሆነ።

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. የሜልቦርን ውድድር፣ ከ12 ስፖርተኞችዋ አራቱ ቢስክሌተኞች ነበሩ። ገረመው ደንቦባ በጎዳናው ውድድር 24ኛ ሲወጣ፣ ቡድኑ 9ኛ ሆነ። ከዚያ በኋላ በ1952 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ባስገኘው ድል፣ የአገሪቱ ስም ከሩጫ ጋር ተጣመረ፤ የቢስክሌተኞቹ ታሪክም በጥላው ሥር ቀረ። ጽጋቡ ግርማይ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ ቱር ደ ፍራንስን የተካፈለው ከሜልቦርን 59 ዓመት በኋላ፣ በ2008 ዓ.ም. ነው።

ቢስክሌት የኑሮ መሣሪያ የሆነችው ግን ከሐይቅ ዳር ባሉ ሜዳማ ከተሞች ነው። ባሕር ዳር በ1950ዎቹ ዓ.ም. የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና የፖሊቴክኒክ ተቋም ከተከፈቱባት በኋላ፣ ዘንባባ በተተከለባቸው ሰፋፊ ጎዳናዎችዋ ሠራተኛውንና ተማሪውን በቢስክሌት ስታመላልስ ኖራለች። ሐዋሳም እንዲሁ። በአዲስ አበባ ግን ቢስክሌት ለብዙው ሰው በሠፈር ሜዳ በሰዓት የምትከራይ የልጅነት ደስታ ሆና ቀረች። ምክንያቱ ዳገቱ ብቻ አይደለም፤ ገረመውን የመሰሉ ሰዎች ዳገትን ፈርተው አያውቁም። መንገዱ ለመኪና ብቻ የተሰጠ ተደርጎ መታየቱ ነው። ዛሬ በአምቦም ሆነ በጅማ መውጫ ከከባድ ጭነት መኪና ጎን የሚጓዝ ቢስክሌተኛ ዓይኑን ከተራራው ላይ ሊያሳርፍ አይችልም፤ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ሕይወቱን ይጠብቃል።

ይህ አመለካከት ሊለወጥ እንደሚችል ግን ታይቷል። ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል መጠሪያ በአዲስ አበባ ዋና ዋና ጎዳናዎች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛና ለቢስክሌተኛ ተለቀቁ። ሕፃናት በአስፋልቱ መካከል ተጫወቱ፤ ሽማግሌዎች ወደ ኋላ ሳይገላመጡ ተራመዱ። በ2013 ዓ.ም. በተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ የቢስክሌት መንገድ ተሠራ፤ በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማትም በከተማው ጎዳናዎች ላይ የቢስክሌት መስመር ተሰመረ። ቀሪው ጥያቄ መስመሩ ከከተማው በር ይወጣል ወይስ በሩ ላይ ያበቃል የሚለው ነው።

ከበሩ ውጭ የሚጠብቀው ወንጪ ነው። ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በቆመው እሳተ ገሞራ ሆድ ውስጥ የተኛው ሐይቅ፣ ደሴቱ ላይ ያለው የቂርቆስ ገዳም፣ እንግዳ የሚያጓጉዙት የገበሬው ፈረሶች ለዓለም አዲስ ስም አላቸው፤ የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት በ2014 ዓ.ም. ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ብሎ መርጧታል። የመናፈሻ ሥራው ሲስፋፋ ቁልቁለቱ በመኪና ጎማ ይሞላ ወይስ ለእግር፣ ለፈረስና ለቢስክሌት ይተው የሚለው የገበሬውንም እንጀራ የሚነካ ውሳኔ ነው። መኪናው እስከ ሐይቁ ከወረደ ባለ ፈረሱ ከሥራው ይወርዳል፤ እንግዳውም ጸጥታውን ፍለጋ መጥቶ ጩኸቱን ይዞ ይገባል።

የአዲስ ዓለም መንገድ የተሠራው ለንጉሥ ከተማ ነበር፤ ጠብቆ ያቆየው ግን ገበያተኛው ነው። ቢስክሌት የመጣችው በወራሪ እጅ ነበር፤ ያከበራት ግን ተወዳዳሪው የአገር ልጅ ነው። ከቀራንዮ ኮረብታ ወደ ወጨጫ የሚመለከት ወጣት ነገ በሁለት ጎማ ሊነሣ ቢያስብ፣ ጉልበት አይጎድለውም፤ ተራራውና ሐይቁም በስፍራቸው አሉ። የሚጎድለው ከጭነት መኪናው የተለየች፣ ስፋቷ ሁለት ክንድ የማይሞላ መሄጃ ናት።