ቀርከሃና ውቅያኖስ፦ ከጥፋት የተረፉ ሁለት እንስሳት ታሪክ



ዛሬ የማቀርብላችሁ ንጽጽር ከሥነ ሕይወት ይልቅ የታሪክ ነው። በቻይና ተራሮች የሚኖረውን ቀርከሃ በል ድብ፣ ፓንዳን፣ በጃፓን የቶሪሺማ ደሴት ከሚፈለፈለው አጭር ጅራት አልባትሮስ ጎን አስቀምጬ አንድ ጥያቄ አነሣለሁ፦ ከቦታው የማይርቅ ፍጡርና ወሰን የማያግደው ፍጡር ከጥፋት የሚተርፉት በአንድ መንገድ ነውን? የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የፓንዳ ምግብ ከሞላ ጎደል ቀርከሃ ብቻ ነው። ቀርከሃ ደግሞ በየብዙ ዓመቱ በአንድነት አብቦ ይደርቃል። ቀድሞ ፓንዳው ቀርከሃ ወዳለበት ሌላ ሸለቆ ይሻገር ነበር፤ እርሻና የደን ጭፍጨፋ ተራሮቹን ከከፋፈሏቸው በኋላ ግን መሻገሪያው ጠበበ። በ1970ዎቹ አጋማሽ በሚን ተራሮች ቀርከሃው ሲደርቅ ከመቶ በላይ ፓንዳዎች ሞተው ተገኙ። መፍትሔው በአንድ መንግሥት እጅ ነበር። የዎሎንግ ጥብቅ ስፍራ በ1963 ተከልሎ ነበር፤ ከ1998ቱ የያንግትዜ ጎርፍ በኋላ ደግሞ በወንዙ የላይኛው ተፋሰስ ለንግድ ደን መቁረጥ ታገደ። በ2016 ፓንዳው በዓለም አቀፉ መዝገብ ከከፍተኛ የመጥፋት ሥጋት ወደ ተጋላጭነት ደረጃ ተሻገረ።

የአልባትሮሱ ታሪክ ሌላ ነው። ከ1887 ጀምሮ የላባ ነጋዴዎች በቶሪሺማ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ወፎችን ፈጁ። በ1902 እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በደሴቲቱ የነበሩትን 125 ያህል ሰዎች ቢገድልም አደኑ አልቆመም። በ1949 አጥኚዎች ወፉን በደሴቲቱ ፈልገው ስላጡት ጠፍቷል ብለው ጻፉ። በ1951 ግን ዐሥር ያህል ወፎች እዚያው ታዩ። ጫጩት ክንፍ ካወጣ በኋላ ለመራባት እስኪመለስ ዓመታትን በውቅያኖስ ላይ ያሳልፋል፤ ደሴቲቱ ስትራቆት ባሕር ላይ የነበሩት ተርፈው ነበር።

ርቆ መብረሩ ወፉን ቢያድነውም፣ ከጃፓን ጥበቃ ውጭም አድርጎታል። ከ2008 እስከ 2012 ድረስ 70 ጫጩቶች ወደ ሙኮጂማ ደሴት ተወስደው በሰው እጅ አደጉ፤ ነገር ግን እነዚያው ወፎች አላስካ ሲደርሱ የዓሣ አጥማጆች መንጠቆ ይጠብቃቸዋል። ስለዚህ መርከቦች ወፍ የሚያባርር ጥብጣብ የተንጠለጠለበት ገመድ እንዲጎትቱ ያዘዘው የአሜሪካ ደንብም የዚህ የጃፓን ወፍ ታሪክ አካል ነው።

ለታሪክ ተማሪዎች የማስገነዝበው ይህን ነው። የፓንዳን መትረፍ በቻይና መዛግብት በአመዛኙ መከታተል ይቻላል። የአልባትሮሱን ግን በአንድ ደሴት ብቻ የፈለጉት በሕይወት ሳለ ጠፍቷል ብለው ፈረዱ። ወሰን ተሻጋሪ ታሪክ ስትጽፉ ምንጮቻችሁንም ከወሰን ማዶ ፈልጉ።