ደምን ቀላቅሎ ስለ መመርመር፤ የዶርፍማን ዘዴና ታሪኩ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ወጣቶችን ለጦር ሠራዊት ሲመለምል፣ ከእያንዳንዱ ምልምል ደም እየተቀዳ ቂጥኝ ያለበት መሆኑና አለመሆኑ ይመረመር ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከምልምሎቹ የሚበዙት ከበሽታው ነጻ ስለ ነበሩ፣ የላቦራቶሪው ድካም በአብዛኛው የሚውለው «የለበትም» የሚለውን መልስ ደጋግሞ ለመጻፍ ነበር።

ኋላ በሐርቫርድ ዩኒቨርስቲ የኤኮኖሚክስ መምህር የሆነው ሮበርት ዶርፍማን በ1943 ባሳተመው የአምስት ገጽ ጽሑፍ አንድ ሐሳብ አቀረበ። ይኸውም ከብዙ ሰዎች ደም ጥቂት ጥቂት ወስዶ ቀላቅሎ ባንድ ጊዜ መመርመር ነው። ቅልቅሉ ንጹሕ ከሆነ ሁሉም ነጻ ናቸው፤ በሽታ ከታየበት ግን የተረፈው ደማቸው ለየብቻ ይመረመራል።

ሒሳቡን እንመልከት። ከ1000 ሰዎች 10ሩ ሕሙማን ናቸው እንበል። በአሥር በአሥር ብንመድባቸው 100 ቅልቅል እንመረምራለን። ሕሙማኑ በአሥር ልዩ ልዩ ምድብ ቢበተኑ እንኳ የሚጨመረው ምርመራ 100 ብቻ ነው። ስለዚህ በ1000 ፈንታ ቢበዛ 200 ይበቃናል።

ይሁን እንጂ ዘዴው ለታሰበለት ሥራ አልዋለም። የስምንት ወይም የዘጠኝ ሰው ደም ሲቀላቀል የሕመምተኛው ደም ስለሚቀጥን ምርመራው የሚታመን አልሆነም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ቅልቅል በስሕተት «ንጹሕ ነው» ከተባለ፣ በውስጡ ያለው ሕመምተኛ ዳግመኛ ሳይመረመር ከጤነኞቹ ጋር ይሰናበታልና።

የቫይረስን ዘር አባዝቶ የሚያሳየው ምርመራ ከመጣ በኋላ ግን ሐሳቡ ነፍስ ዘራ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ለጋሾች የሚሰጡትን ደም ለመመርመር ዋለ። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ጊዜም የሩዋንዳ ተመራማሪዎች አንድ ሕመምተኛ ከ99 ጤነኞች ጋር ተቀላቅሎ ሳለ ቫይረሱ ሊታይ እንደሚችል አሳዩ፤ በአገራቸውም ሠሩበት። የመመርመሪያ ዕቃ ባጠረበት ወራት ይህ ትልቅ ነገር ነበር።

ሐኪሞች ሊያስቡበት የሚገባው ግን ቁጠባው እንደ በሽታው ብዛት የሚለዋወጥ መሆኑ ነው። ከመቶ አሥሩ ሲታመሙ፣ የተሻለው ምድብ የአራት ሰው ሆኖ ለ1000 ሰው ወደ 594 ምርመራ ያስፈልጋል። ከመቶ ሠላሳው ሲታመሙ፣ በሦስት በሦስት መድበንም ወደ 990 ይደርሳል። ስለዚህ ዘዴው የሚጠቅመው ወረርሽኙ ሳይስፋፋ ነው፤ ችግሩ በጠና ጊዜ ይከዳናል።

ደግሞም ዶርፍማን ያሰላው የአንዱ መታመም ከሌላው ጋር ግንኙነት እንደሌለው አድርጎ ነው። ተላላፊ በሽታ ግን በቤተሰብ ውስጥ ይዛመታል። እንደ እኛ አስተያየት ይህ ለመርማሪው ይጠቅመዋል። አሥሩ ሕሙማን የአንድ ቤት ሰዎች ሆነው ባንድ ምድብ ቢገኙ፣ ለ1000ው ሰው 110 ምርመራ ይበቃል። ይህን የሚወስነው ላቦራቶሪው ሳይሆን፣ በር ላይ ቆሞ ስም የሚመዘግበውና ማን ከማን ጋር እንደሚኖር የሚጠይቀው ጸሐፊ ነው።