ኤክ ሮበርትሰን፦ ፒያኖ እየቃኘ የኖረው ቫዮሊን ተጫዋች

አሌክሳንደር ካምፕቤል ሮበርትሰን፣ በአጭር ስሙ ኤክ ሮበርትሰን፣ አሜሪካውያን የገጠር ሙዚቃ በሚሉት ዘርፍ ለገበያ ከቀረቡ የመጀመሪያዎቹ ሸክላዎች ባለቤት እንደሆነ በብዙ የታሪክ ጸሐፍት ዘንድ ይነገርለታል። ይህ የቴክሳስ ሰው በሙዚቃ ታሪክ ውስጥ የቀዳሚነት ስፍራ ቢይዝም፣ ዝናው ብቻውን ቤተሰብ የሚያሳድር አልነበረም። በመሆኑም ረጅም ዕድሜውን በፒያኖ ቃኚነት ሙያ እየተዳደረ አሳልፏል።

ልጅነት

ሮበርትሰን እ.ኤ.አ. በ1887 በአርካንሶ ግዛት ደላኒ በተባለች ስፍራ ተወለደ፤ ያደገው ግን ቤተሰቡ በሰፈረበት በሰሜን ቴክሳስ ሜዳማ ምድር ነው። ቫዮሊን መጫወት በቤተሰቡ ውስጥ የቆየ ልማድ ነበር፤ አያቱም፣ አባቱም፣ አጎቶቹም ይጫወቱ ነበር። አባቱ ገበሬ ነበሩ፤ በኋላም ሰባኪ ሆነዋል።

ሕፃኑ ኤክ የራሱ ቫዮሊን ስላልነበረው ረጅም አንገት ባለው ቅል ላይ የለፋ የድመት ቆዳ ወጥሮ መጫወቻ እንደ ሠራ ይነገራል። የእንጨት ገላ በቆዳ ተለብጦ፣ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ክር የሚወጠርበትን መሰንቆ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ብልሃት እንግዳ አይሆንበትም።

በ16 ዓመቱ ከቤቱ ወጥቶ፣ በዛሬዋ ኦክላሆማ ምድር መድኃኒት እየሸጠ ሕዝቡን በሙዚቃና በቀልድ ከሚሰበስብ ተዘዋዋሪ ቡድን ጋር ተቀላቀለ። በ1906 ኔቲ ሌቪን አገባ። ባልና ሚስቱም ድምፅ አልባ ፊልም በሚታይባቸው ቤቶች አብረው ይጫወቱ ነበር። ሮበርትሰን በየአካባቢው በሚካሄዱ የቫዮሊን ውድድሮችም ስም አተረፈ።

የቃኚነት ሙያ

ጭብጨባና የውድድር ሽልማት ቋሚ ገቢ ስለማይሆኑ፣ ሮበርትሰን ለሙዚቃ መሣሪያ ነጋዴዎች ፒያኖ መቃኘት ጀመረ። ሥራው ትዕግሥትን የሚጠይቅ ነው። የተለመደው ፒያኖ 88 መርገጫዎችና ከ200 በላይ ክሮች አሉት። እያንዳንዱ ክር የታሠረበት የብረት ችንካር በልዩ መፍቻ በጥቂት በጥቂቱ እየዞረ ይጠብቃል ወይም ይላላል። ቃኚው ሁለት ክሮችን በአንድነት ያሰማና በመካከላቸው የሚፈጠረውን የድምፅ መዋዠቅ በጆሮው ይከታተላል፤ መዋዠቁ ሲጠፋ ሁለቱ ክሮች ተስማሙ ማለት ነው። ሙቀት፣ ብርድና እርጥበት እንጨቱን ስለሚለውጡት የተቃኘው ፒያኖ ጊዜውን ጠብቆ ከቅኝቱ ይወጣል፤ ቃኚውም ተመልሶ ይጠራል።

ቫዮሊን ጣት የሚያርፍበትን ቦታ የሚያመለክት ምልክት የሌለው መሣሪያ በመሆኑ፣ ተጫዋቹ ትክክለኛውን ድምፅ የሚያገኘው በጆሮው ብቻ ነው። ሮበርትሰን እንጀራውን የሚያበስለውም፣ ውድድር የሚረታውም በዚያው ጆሮ ነበር።

የ1922 ሸክላ

በ1922 የበጋ ወራት ሮበርትሰን ከሄንሪ ጊሊላንድ ጋር ወደ ቨርጂኒያ ግዛት ሪችመንድ ከተማ ተጓዘ። በ1845 የተወለዱት ጊሊላንድ በእርስ በርሱ ጦርነት ባርነትን ለማቆየት ከተዋጋው ከደቡቡ ወገን ጋር የዘመቱ ቫዮሊን ተጫዋች ሲሆኑ፣ በከተማዋም የዚያው ጦር አዛውንት ዘማቾች ይሰበሰቡ ነበር። ከጉባኤው በኋላ ሁለቱ ሰዎች ወደ ኒው ዮርክ አቅንተው፣ በአንድ ጠበቃ ወዳጃቸው አማካይነት የቪክተር ሸክላ ኩባንያን ደጅ አንኳኩ። በሰኔ ወር የመጨረሻ ቀን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሰኔ 30 ቀን፣ በጋራ ተጫውተው ተቀረጹ፤ በማግስቱ ደግሞ ሮበርትሰን ለብቻው ተመልሶ ሌሎች ዜማዎችን አስቀረጸ።

በዚያን ጊዜ በማይክሮፎን መቅረጽ ገና አልተጀመረም። ተጫዋቹ በትልቅ ቀንደ መለከት መሰል ቱቦ ፊት ቆሞ ይጫወታል፤ ድምፁም መርፌውን እያንቀጠቀጠ በሰም ላይ ይቀረጻል። የሸክላው አንድ ገጽ ከሦስት ደቂቃ ብዙም የማያልፍ ድምፅ ስለሚይዝ፣ በጭፈራ ቤት እንደ ልብ የሚረዝመው ዜማ መታጠር ነበረበት። ሮበርትሰን «ሳሊ ጉደን» የተባለውን አጭር ዜማ በዚያች ጠባብ ጊዜ ውስጥ ደጋግሞ፣ በየድግግሞሹም መልኩን እየለዋወጠ ተጫወተው። የቴክሳስ የውድድር ቫዮሊን ተጫዋቾች አንዱን ዜማ በልዩ ልዩ መልክ እያበዙ የሚጫወቱበት ስልት ከዚህ ሸክላ ጋር አብሮ ይነሳል።

ቀዳሚነቱ ግን ሀብት አላመጣለትም። ኩባንያዎች በገጠር ሙዚቃ ገበያ እንዳለ የተረዱት፣ በ1923 የጆርጂያው ቫዮሊን ተጫዋች ጆን ካርሰን በአትላንታ ያስቀረጸው ሸክላ በብዛት በተሸጠ ጊዜ ነው። ካርሰንም በጥጥ ፋብሪካና በቤት ቀለም ቀቢነት የሠራ ሰው ነበር። ቪክተር ሮበርትሰንን ዳግመኛ የቀረጸው በ1929 በዳላስ ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ ሚስቱና ልጆቹም አብረውት ተጫውተዋል። በዚያው ዓመት የተከሰተው የኢኮኖሚ ውድቀት የሸክላ ገበያውን ሲያናጋው፣ ሮበርትሰን በቃኚነቱ ቀጠለ።

ዘግይቶ የመጣ ክብር

በ1963 ማይክ ሲገርንና ጆን ኮኸንን ጨምሮ የቀድሞውን ሙዚቃ የሚያጠኑ ወጣቶች ሮበርትሰንን አማሪሎ ከተማ ድረስ ሄደው አገኙት፤ ጨዋታውንም ቀረጹ። እርሱም ዕድሜው ከ75 ካለፈ በኋላ በ1964 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ የሕዝብ ሙዚቃ ፌስቲቫል፣ በ1965 ደግሞ በኒውፖርት መድረክ ላይ ቀረበ። አባቶቻቸው እንኳ ሸክላውን ያልሰሙ ወጣቶች በዚያ ጨዋታውን ከራሱ እጅ ሰሙት።

ኤክ ሮበርትሰን በ1975 በቴክሳስ ቦርገር ከተማ አረፈ። የመቃብሩ ድንጋይ የዓለም ሻምፒዮን ቫዮሊን ተጫዋች ይለዋል። በ2002 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሊጠበቁ የሚገባቸውን የድምፅ ቅርሶች መዝገብ ሲከፍት፣ በመጀመሪያ ከተመረጡት 50 ቅጂዎች አንዱ ፒያኖ ቃኚው ከ80 ዓመት በፊት ያስቀረጸው «ሳሊ ጉደን» ነበር።