መሣሪያውን ማን ይጠብቀው? የሦስት የጋራ ቤቶቻችን ታሪክ

ስለ ዩኒቨርሲቲያችን ሰዎች ብዙ ተጽፏል። ስለ ፕሬዚዳንቶቹ፣ ስለ መምህራኑ፣ ስለ ተማሪው ንቅናቄ በየመጽሔቱ አንብበናል። እኔ ግን በዚህ የመገናኛ በዓል መጽሔታችን ላይ ስለ ሦስት ቤቶች መጻፍ መረጥኩ፤ ስለ አራት ኪሎው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ፣ እዚያው ግቢ ስላለው ብሔራዊ ሄርባሪየም እና ስለ ስድስት ኪሎው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም። ሦስቱም ከአንድ መምህርና ከአንድ ትምህርት ክፍል አልፈው የብዙ ሰው መገልገያ ሆነው ኖረዋል። ዛሬ በየስብሰባው «የጋራ የምርምር መሠረተ ልማት» የምንለው ነገር፣ ስሙ ሳይመጣ ሥራው ነበረን ማለት ነው።

ከኦብዘርቫቶሪው ልጀምር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት ትንሽ ኮሌጅ ነበር። ሰባት ዓመት ገደማ ቆይቶ ከ60 በላይ አገሮች የተሳተፉበት ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት (እ.ኤ.አ. 1957–58) መጣ። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ አዲስ አበባ አጠገብ ስለሚያልፍ የዓለም ሳይንቲስቶች ከዚህ የሚገኝ ልኬት ይፈልጉ ነበር። በካናዳዊው የጀስዊት ካህን በአባ ፒየር ጉዌን መሪነት አራት ኪሎ ላይ ኦብዘርቫቶሪ ተቋቋመ። ልብ በሉ፤ ያ ትንሽ ኮሌጅ ዕቃውን ያስገባው ጥያቄውን አስቀድሞ ለይቶ ነው። ምን እንደሚለካ፣ ለምን እዚህ እንደሚለካ፣ ውጤቱ ለማን እንደሚላክ ገና ከመጀመሪያው ይታወቅ ነበር።

ቀጥሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ፣ አዲስ አበባ በአሜሪካ ገንዘብ የተዘረጋው ዓለም አቀፍ የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ መረብ አባል ሆነች። በየአገሩ የተተከለው መሣሪያ አንድ ዓይነት ነበር፤ ሦስት ለፈጣን፣ ሦስት ለዝግተኛ ሞገድ። አሠራሩም ቀላል ስምምነት ነበር፦ መሣሪያውን እነሱ ይሰጣሉ፣ ጣቢያው በየቀኑ ያሠራል፣ መዝገቡ ተልኮ ከተቀዳ በኋላ ዋናው ለባለቤቱ ይመለሳል፣ ቅጂውን የትም ያለ ተመራማሪ ማግኘት ይችላል። ያን ጊዜ መዝገቡ በብርሃን የሚጻፍ የፎቶግራፍ ወረቀት ነው። ስለዚህ አንድ ሰው በየቀኑ፣ በዓልም ይሁን ዝናብ፣ ገብቶ ወረቀቱን መቀየር፣ ሰዓቱን ማስተካከል፣ ማጠብና ቀን መጻፍ ነበረበት። እኔ አራት ኪሎ ስማር «ኦብዘርቫቶሪ» የሚለው ስም ይከበር ነበር፤ ወረቀቱን ስለሚቀይረው ሰው ግን ማናችንም ጠይቀን አናውቅም። የዚህ ጽሑፍ ቁም ነገር እሱ ነው።

የዚያ ዕለታዊ ሥራ ፍሬ ምን ሆነ? ኦብዘርቫቶሪው ገና ልጅ ሳለ፣ በ1953 ዓ.ም.፣ በደሴ መንገድ ካራቆሬ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፈራረሰ። በ1961 ዓ.ም. ደግሞ አፋር ውስጥ ሰርዶ ፈረሰች። አባ ጉዌን እነዚህን ከጥንቱ ዘመን ማስረጃ ጋር አሰባስበው እ.ኤ.አ. በ1979 የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በመጽሐፍ አሳተሙ። በዜና መዋዕልና በተጓዦች ማስታወሻ ውስጥ የሰፈረውን የጥንት መንቀጥቀጥ ሁሉ ሲፈልጉ፣ መሣሪያ ብቻውን አልበቃቸውም፤ ቤተ መጻሕፍትም አስፈለጋቸው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ዳባሁ አካባቢ ምድር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ሲሰነጠቅ፣ የዓለም ሊቃውንት ሲጎርፉ የሚቀበላቸው የአገር ባለሙያ ነበር። በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ ሲናወጥ፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው ሲነሣ፣ አዲስ አበባም ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያለነው ከእንቅልፋችን ስንነቃ፣ ሁላችንም ቴሌቪዥን ከፍተን የጠበቅነው የአራት ኪሎን ሰዎች ነው። «ከዚህ በፊትስ እንዲህ ሆኖ ያውቃል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ትናንት የተገዛ ኮምፒውተር አይደለም፤ ከስልሳ ዓመት በላይ የተጠራቀመ መዝገብ ነው።

ሄርባሪየሙ እ.ኤ.አ. በ1959 በባዮሎጂ ትምህርት ክፍል ሥር ተወለደ። የደረቀ ተክል በወረቀት ላይ ተለጥፎ፣ የተገኘበት ቦታና ቀን ተጽፎበት ቁም ሣጥን ይገባል። ላላወቀው ሰው የገለባ ክምችት ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1980 የኢትዮጵያ ፍሎራ ፕሮጀክት በስዊድን ድጋፍ፣ ከኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ሲጀመር መሠረቱ ያ ቁም ሣጥን ሆነ። ሥራው ወደ 30 ዓመት ፈጅቶ ወደ 6,000 የሚጠጉ የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋትን የሚገልጹ 8 ጥራዞች ወጡለት። በመካከሉ መንግሥት ተለውጧል፣ የአገር ካርታም ተለውጧል። ከዚያ ሁሉ ጋር ሥራው ያልተቋረጠው፣ ዕቅዱ በአንድ ሰው የሥልጣን ዘመን ስላልተለካ ይመስለኛል። ዛሬ የግብርና፣ የመድኃኒትና የደን ተመራማሪ ሁሉ የተክሉን ስም ለማረጋገጥ እዚያው ይሄዳል።

ሦስተኛው ቤት ከቤተ መንግሥት የተገኘ ነው። ገነተ ልዑል ለዩኒቨርሲቲው ከተሰጠ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1963 የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም እዚያ ተቋቋመ። ሪቻርድ ፓንክረስት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ፤ ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ደግሞ ቤተ መጻሕፍቱንና ሙዚየሙን አደራጁ። ለኛ ለቀድሞ ተማሪዎች ትልቁ ትምህርት ያለው ከዚህ በኋላ በመጣው ነገር ነው። የተቋሙ ወዳጆች ማኅበር ተመሥርቶ፣ ከአባላት ገንዘብ እያሰባሰበ፣ ከአገር ሊወጡ የሚችሉ ቅርሶችን እየገዛ ለሙዚየሙና ለቤተ መጻሕፍቱ አስረክቧል። የመንግሥት በጀት ያልደረሰበትን ክፍተት ወዳጅ ሞላው።

የዚህን ተቃራኒም አይቻለሁ። በሥራ ዘመኔ በአንድ ስሙን በማልጠራው ተቋም፣ ብዙ ገንዘብ የወጣበት የላቦራቶሪ መሣሪያ መጣ። ምረቃ ነበር፣ ፎቶ ተነሣን። የመብራት መዋዠቅ የሚከላከልለት ዕቃ አልተገዛለትም፤ መለዋወጫ የሚመጣበት በጀት አልተያዘለትም፤ የሠለጠነው ቴክኒሻን ደመወዙ አልበቃ ብሎት ወደ ሌላ ሄደ። ቁልፉ በአንድ ሰው ኪስ ስለነበር ጎረቤት ትምህርት ክፍል ያው ዓይነት ሌላ መሣሪያ ጠየቀ። የመጀመሪያው ሁለት ዓመት ሳይሠራ አቧራ ጠጣ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው።

ታዲያ ሦስቱ ቤቶች ምን ነበራቸው? አንደኛ፣ ከአንድ ትምህርት ክፍል የሚሰፋ ጥያቄ። ሁለተኛ፣ ማን በምን ሥርዓት እንደሚገለገል የሚታወቅ ደንብ፤ የሄርባሪየም ባህል አንድ ተክል ሲሰበሰብ ትርፍ ናሙና ተይዞ ለሌላው ቤት እንዲሰጥ ያዛል፤ የመሬት መንቀጥቀጡ መዝገብም ቅጂው የሁሉ ነበር። ሦስተኛ፣ ሰው፦ ወረቀት የሚቀይር፣ ቁም ሣጥኑን ከነፍሳት የሚጠብቅ፣ መጽሐፉን በቦታው የሚመልስ። በዕድገት መሰላላችን ላይ ለዚህ ሰው የሠራነው ደረጃ ዛሬም አጭር ነው። መምህሩ በጽሑፉ ያድጋል፤ ጽሑፉን ያስቻለው ቴክኒሻን ግን ባለበት ይቀራል።

አሁን ዩኒቨርሲቲያችን ራስ ገዝ ሆኗል፤ ለምን ገንዘብ እንደሚወጣ የመወሰኑ ኃላፊነት ወደ ቤት ገብቷል። በሥራ ላይ ላላችሁ ባልደረቦች የምለው ይህ ነው፦ የመሣሪያ ግዢ ሲቀርብላችሁ ከዋጋው ጎን የአምስት ዓመት የጥገና፣ የመለዋወጫና የባለሙያ ወጪ ካልተጻፈ አትፈርሙ። ሌላ ትምህርት ክፍል የሚገለገልበት የተራ መዝገብም ከዕቃው ጋር አብሮ ይቅረብ። ለቀድሞ ተማሪዎች ደግሞ፦ ስማችን የሚጻፍበት አዲስ ዕቃ ደስ እንደሚል አውቃለሁ። ነገር ግን ማኅበራችን በየዓመቱ ለሁለት ወጣት ቴክኒሻኖች ሥልጠና፣ ለአሮጌ መዝገቦች ወደ ዲጂታል መገልበጥና ለቁም ሣጥን ጥገና የሚሆን ቋሚ መዋጮ ቢይዝ፣ ስማችን የትም ባይለጠፍ እንኳ ምድር በምትነቃነቅበት ሌሊት መልስ የሚሰጥ ቤት ይኖረናል። ሐሳቡን በዚህ በዓል ጠቅላላ ጉባኤ ላይ አቀርባለሁ፤ ተዘጋጅታችሁ ኑ።