በሲሚንቶ የታፈነው ጭቃ

ጉለሌ የሚገኘውን የእናቴን ቤት ለማደስ የጓዳውን ግድግዳ ስንነካካ፣ ከውጭ ሲታይ ደህና የነበረው ልስን እንደ ቅርፊት ተገሽልጦ ወደቀ። ከሥሩ ያለው ጭቃ እርጥብ ነው። አጠናው በጣት ሲነካ ይፈረፈራል፤ ምስጥ ጨርሶታል። ከኮርኒሱ በላይ፣ የሲሚንቶው ልስን ባልደረሰበት በኩል ግን ያው ጭቃ፣ ያው ማገር፣ በዚያው ዘመን የቆመው ያው እንጨት ደርቆ ጠንክሯል። አናጢው ምስማር ሲመታበት ምስማሩ ተጣመመ።

እናቴ ልስኑን ያስለሰነችው ቤቱ እንዲጠነክርላት ብላ፣ ከዕቁብ በወጣላት ገንዘብ ነበር። የገደለው እሱ ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ስትቆረቆር ቤት ማለት በአብዛኛው ክብ ጎጆ፣ ክዳኑም ሣር ነበር። ከተማዋ በዙሪያዋ ያለውን ዛፍ ቶሎ ፈጀችው። ማገዶውም የቤት እንጨቱም ከሩቅ መምጣት ሲጀምር አጤ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ቤተ መንግሥት እስከ ማስጀመር ደርሰዋል፤ ያ ሥራ ኋላ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከተማዋን ባለችበት ያቆያት ባሕር ዛፍ ነው። በጥቂት ዓመት ለቤት ይደርሳል፣ ቢቆረጥም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። የአዲስ አበባ ጭቃ ቤት ዐፅሙ ባሕር ዛፍ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ባቡሩ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ሲገባ የቆርቆሮ መንገድ ቀለለ። ቆርቆሮ ቀጥ ያለ ነው፤ ክብ ጎጆ ላይ ብዙ ይቆረጣል፣ ይባክናል፤ ለአራት ማዕዘን ቤት ግን የተመቸ ነው። ክዳኑ ተለወጠ፣ ቅርጹ ተለወጠ፤ ግድግዳው ግን ጭቃ እንደ ሆነ ቀረ። ጭቃ ቀን የፀሐይን ሙቀት ይዞ ማታ ለቤቱ ይሰጣል፤ የክረምት እርጥበት ቢጠጣም በጋ ሲሆን መልሶ ይተፋዋል። የሚፈልገው ከላይ ደህና ክዳን፣ ከታች ደረቅ መሠረት፣ በየጊዜውም አዲስ ምርጊት ብቻ ነው።

ያ ምርጊት ነው የተቋረጠው። በሐምሌ 1967 በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ ኪራያቸው ከ100 ብር ያልበለጠ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ብዙ ደሃ ከአከራይ ቁጣ ያረፈበት አዋጅ ነውና በጎነቱን አልክድም። ነገር ግን ተከራዩ «የኔ አይደለም» ሲል፣ ቀበሌው በዚያች ኪራይ ማደስ ሲያቅተው፣ ጭቃው ባለቤት አጣ። አሸንዳው ተቀደደ፣ ፍሳሹ ከግድግዳው ሥር ተኛ። እጅ የሚያጥራቸው ሰዎች ጥቂት ብር ሲያገኙ ደግሞ ሲሚንቶ ለጠፉበት። ሲሚንቶ ከጭቃ ጋር አብሮ አይላወስም፤ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ የገባው ውኃ መውጫ ያጣል፣ እንጨቱም እዚያው ይበሰብሳል። ከዚያ «ጭቃ ቤት አይበረክትም» ይባላል።

እኛ የበሰበሰውን አጠና ቆርጠን አወጣን። ግድግዳውን በድንጋይ ውኃ ልክ ከመሬት አነሳነው፣ አዲሱን እንጨት የተቃጠለ ዘይት ቀባነው። ጭቃውን በጤፍ ጭድ አስቦክተን፣ በየሁለት ቀኑ እየረገጥን ሁለት ሳምንት አቆየነው፤ ጭዱ ሲሸትና ጭቃው እንደ ሊጥ ሲሳብ ነው የደረሰው። መጀመሪያ የተመረገው ደርቆ ሲሰነጠቅ እናቴ ደነገጠች። ሽማግሌው መራጊ ግን፣ «እማማ፣ ተዉት ይሰንጠቅ፤ ሁለተኛው የሚይዘው በስንጥቁ ነው» አሏት። እንዳሉትም ሆነ። መስኮቱን አሰፋነው፣ ግድግዳውንም በኖራ ቀባነው።

ይህ የድሆች ብልሃት ብቻ እንዳይመስላችሁ መካኒሳ ያለውን ዞማ ሙዚየም ሄዳችሁ እዩ። መስከረም አሰግድና ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ በ2011 ለሕዝብ የከፈቱት ግቢ ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው፤ ላዩ በእጅ የተሠራ ቅርጽ የሞላበት፣ ሰው ቆሞ የሚዳስሰው።

ጭቃ ቤት ያላችሁ ሁሉ፣ ግንበኛ ከመጥራታችሁ በፊት ሰኔ ሳይገባ አሸንዳውን ጥረጉ፤ የክዳኑን ቀዳዳ ድፈኑ፤ ከግድግዳው ሥር ያለውን አፈር ዝቅ አድርጋችሁ ለውኃው መውረጃ አብጁለት። ሲሚንቶ ግን አትለጥፉበት።