የዋና አሠልጣኝ ምዘና፦ የሰውነት ቢሻው የዋልያዎቹ ዘመን

የዋና አሠልጣኝ ምዘና የአሠልጣኙን ሥራ ከተጫዋቾቹ፣ ከፌዴሬሽኑና ከዕድል ድርሻ ለይቶ ማየት ማለት ነው። የውጤት ሠንጠረዥ ለዚህ አይበቃም። አሠልጣኙ ማንን መረጠ፣ ቡድኑን እንዴት አዋቀረ፣ ጨዋታው መሐል ላይ ሲለወጥ ምን አደረገ፣ ያቃተውንስ አርሞ ተመለሰ ወይ የሚሉት ጥያቄዎች ይቀድማሉ። በኢትዮጵያ እግር ኳስ ለዚህ የብሔራዊ ቡድኑ (የዋልያዎቹ) ዋና አሠልጣኝ ከነበረው ከሰውነት ቢሻው ዘመን (ከ2004 እስከ 2006 ዓ.ም.) የሚበልጥ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል፤ ትልቁ ደስታና መራሩ ሽንፈት በአንድ ሰው እጅ ላይ ተገናኝተዋልና።

የመጀመሪያው ጥንካሬው ከሽንፈት መነሳት ነው። ለ2013ቱ (እ.ኤ.አ.) የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ጳጉሜ 3 ቀን 2004 ዓ.ም. ሱዳን ላይ 5 ለ 3 የተሸነፈው ቡድን፣ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰይድ ግቦች 2 ለ 0 አሸነፈ። ድምሩ 5 ለ 5 ሆነና ከሜዳ ውጭ የተቆጠሩት ሦስት ግቦች ኢትዮጵያን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ መለሱ። አምስት ግብ ያስተናገደ የተከላካይ መስመር በአንድ ወር ገደማ ውስጥ አንድም ግብ ሳይቆጠርበት መውጣቱ በዕድል ብቻ የሚገለጽ አይደለም።

ሁለተኛው ጥንካሬው አብዛኞቹ በአገር ውስጥ ሊግ የሚጫወቱ ልጆችን አንድ ማድረጉ ነው። በ2014ቱ (እ.ኤ.አ.) የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ምድብ ዋልያዎቹ ደቡብ አፍሪካን፣ ቦትስዋናንና መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን ገጥመው በሜዳ ላይ አንድም ጊዜ አልተሸነፉም፤ አምስት ድልና አንድ አቻ።

ይህ መዝገብ ግን በወረቀት ላይ ተቀይሯል። በሁለት ቢጫ ካርድ የታገደው ምንያህል ተሾመ ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ቦትስዋና ላይ በመሰለፉ ፊፋ የ2 ለ 1ዱን ድል ወደ 3 ለ 0 ሽንፈት ለወጠው። ደቡብ አፍሪካ በተሸነፈችበት በሰኔ 9 ቀን፣ ሕዝቡ ገና በደስታ ላይ እያለ ነበር የምርመራው ወሬ የተሰማው። እዚህ ላይ ፍርድ ሲሰጥ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ካርድ መቁጠርና የእገዳ ደብዳቤ መከታተል በቅድሚያ የፌዴሬሽኑ ሥራ ነው፤ ፌዴሬሽኑም ጥፋቱን አምኗል። ሆኖም የአሰላለፍ ዝርዝሩ ላይ የሚወስነው ዋና አሠልጣኙ ስለሆነ፣ ከኃላፊነቱ ሙሉ በሙሉ ነጻ ማድረግ አይቻልም።

ድክመቱን በጉልህ ያሳየው ደቡብ አፍሪካ ላይ የተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ መድረክ ነው። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ከወቅቱ ሻምፒዮን ዛምቢያ ጋር ሳላዲን ፍጹም ቅጣት ምት አመከነ፣ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰውም በቀይ ካርድ ወጣ። ያም ሆኖ በአሥር ሰው የቀረው ቡድን በአዳነ ግርማ ግብ 1 ለ 1 ተለያየ። ከአራት ቀን በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። አሁን በአሥር ሰው የቀረችው ቡርኪና ፋሶ ነበረች፤ ውጤቱም ገና 1 ለ 0 ነበር። ኢትዮጵያ አቻ ለመሆን በጋለ ስሜት ወደፊት ስትሄድ ከኋላዋ ሜዳው ክፍት ሆነ፣ ተጨማሪ ሦስት ግብም ገባባት። ሁለቱን ጨዋታዎች አጠገብ ለአጠገብ ያስቀመጠ ሰው ልዩነቱን ያያል፦ ቡድኑ ሲጨነቅ መደራጀትን ያውቃል፣ የበላይነት ሲያገኝ ግን በትዕግሥት መጠቀምን አልተማረም። ይህን ማስተማር ደግሞ የአሠልጣኝ ሥራ ነው። በዚያው ውድድር በናይጄሪያው የ2 ለ 0 ሽንፈት ሁለቱም ግቦች የተቆጠሩት በመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች ገደማ በፍጹም ቅጣት ምት መሆኑ፣ የጨዋታ ማብቂያ ላይ የሚታየውን ይህንኑ ክፍተት ያጎላዋል።

ናይጄሪያ፣ ቡድኑ ነጥብ ተቀንሶበትም በደረሰበት የዓለም ዋንጫው የመጨረሻ ማጣሪያም መንገድ ዘጋች። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በኃይሉ አሰፋ ቀድሞ ቢያስቆጥርም ጨዋታው በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች በተገኘ ፍጹም ቅጣት ምት 2 ለ 1 በሽንፈት ተጠናቀቀ፤ በመልሱም ካላባር ላይ 2 ለ 0 ሆነ። የአገር ውስጥ ተጫዋቾች ብቻ በሚሳተፉበት የ2014 (እ.ኤ.አ.) የቻን ውድድር ቡድኑ ሦስቱንም ጨዋታ አንድም ግብ ሳያስቆጥር ተሸነፈ፣ አሠልጣኙም ተሰናበተ።

ሚዛኑ ሲታይ ሰውነት ቢሻው ቡድን በመገንባት ጠንካራ፣ ጨዋታን በማስተዳደር ደካማ ነበር። ዋልያዎቹ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሱት ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በጥር 2014 ዓ.ም. በውበቱ አባተ መሪነት ነው፤ ካሜሩን ላይ በተካሄደው በዚያ ውድድርም ከምድባቸው ያገኙት እንደ ቀድሞው አንድ ነጥብ ነበር።