ሽጉጡ ደረሰ፣ ባለሙያው ቀረ

ባለፈው ሰሞን ደሴ ፒያሳ አንድ ቡና ቤት ቁጭ ብያለሁ። ከጎኔ ሦስት ወጣቶች አንድ ስልክ ላይ ተደፍተዋል። ኳስ የሚያዩ መስሎኝ ነበር። ቀና ብዬ ሳይ አንድ ፈረንጅ አዲስ የወጣች ትንሽ ሽጉጥ መዳፉ ላይ አስቀምጦ እያገላበጠ ያሳያል። አንደኛው ልጅ "እቺን ብትሸጉጣት ማን ያውቅብሃል?" አለ። ሁለተኛው ሳቀ። ሦስተኛው ዋጋዋን ጠየቀ።

ቡናዬን ጨርሼ ወጣሁ፤ ነገሩ ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። ወዳጆች፣ የዛሬው ጽሑፌ ስለዚያች ሽጉጥ ነው። ይልቁንም ከ150 ዓመት በፊት እዚሁ ወሎ ውስጥ፣ በአንድ አምባ ላይ የአንድ ንጉሥ ታሪክ ስለተዘጋባት ሌላ ሽጉጥ ነው።

መጀመሪያ ስሙን ልብ እንበል። ሽጉጥ ማለት የተሸጎጠ ማለት ነው። ጠመንጃ በትከሻ ይያዛል፤ ሰው ያየዋል፤ ባለቤቱም እንዲታይለት ይፈልጋል። ሽጉጥ ግን ከስሙ ጀምሮ ድብቅ ነው። የዓለም ፋብሪካዎችም ሰሞኑን የሚሽቀዳደሙት በዚሁ ነው። ግሎክ በ2007 ዓ.ም. ስድስት ጥይት የምትጎርስ ቀጭን ሽጉጥ አወጣ። በ2010 ዓ.ም. ሲግ ሳወር ፒ 365 የተባለችውን ይዞ መጣ። ርዝመቷ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ባዶዋን ክብደቷ ግማሽ ኪሎ ያህል ነው፤ ካዝናዋ ግን አሥር ጥይት ይይዛል። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ስፕሪንግፊልድ በሄልካት አሥራ አንድ አደረሰው።

የእነዚህን ሽጉጦች አፍቃሪዎች ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ወሬያቸው ሁሉ ስለ ምቾት ነው። ትንሿ ጣት ማረፊያ ታገኛለች ወይ? ስትተኮስ እጅ ትመታለች ወይ? በስስ ሸሚዝ ሥር ታስታውቃለች ወይ? ስለ ጫማ የሚያወሩ ነው የሚመስሉት። አልፈርድባቸውም፤ ሰው የሚወደውን ነገር በዝርዝር ያወራል። ከዚያ ሁሉ ዝርዝር ውስጥ ግን አንድ ጥያቄ አላገኘሁም፦ ማን ላይ?

አሁን ወደ መቅደላ እንሂድ።

በ1852 ዓ.ም. የእንግሊዙ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ጎንደር አካባቢ መንገድ ላይ ሽፍቶች አገኙትና በደረሰበት ቁስል ሞተ። ፕላውደን የዐፄ ቴዎድሮስ ወዳጅ ነበር። ንጉሡም ደሙን ተበቀሉለት። ለዚህ ውለታ ምስጋና እንዲሆን ንግሥት ቪክቶሪያ ጥንድ ሽጉጥ ላኩ። በ1855 ዓ.ም. አዲሱ ቆንስል ካፒቴን ካሜሮን ስጦታውን አምጥቶ አስረከበ። ሽጉጡ ላይ ንግሥቲቱ ለአገልጋያቸው ለፕላውደን ስለተደረገው ደግነት ማመስገናቸው ተቀርጾበታል።

ቴዎድሮስም ለንግሥቲቱ ደብዳቤ ጻፉ። የጠየቁት ወዳጅነት ነው፤ መልእክተኞቻቸው ባሕር ተሻግረው እንዲሄዱ ነው። ደብዳቤው ለንደን ገባ፤ እዚያም መልስ ሳያገኝ ተቀመጠ። ንጉሡ እንደተናቁ ቆጠሩት። በ1856 ዓ.ም. ካሜሮን ታሰረ፤ ሌሎች አውሮፓውያንም ተከተሉት። የመቅደላ ጦርነት መነሻው ይኸው ነው።

እኔን የሚቆጨኝ ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። በ1858 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ማርቲን ፍላድ የተባለውን ሚስዮናዊ ወደ እንግሊዝ ላኩት። ሽጉጥ አምጣልኝ አላሉትም። የእጅ ሥራ አዋቂዎች፣ ባለሙያዎች ይምጡልኝ ነው ያሉት። ባለሙያዎቹ ከነመሣሪያቸው እስከ ምጽዋ ደረሱ። እንግሊዞች ደግሞ እስረኞቹ ካልተፈቱ አናሳልፋቸውም አሉ። ንጉሡ አልፈቱም። ባለሙያዎቹም ከምጽዋ ተመለሱ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሽጉጡ ያለችግር ደረሰ፤ ባለሙያው ግን ቀረ። ያለቀለት፣ ያማረ፣ ስም የተቀረጸበት ዕቃ ለመስጠት ማንም አይሰስትም፤ ዕቃውን የሚሠራው እጅ ግን በድርድር ነው የሚመጣው።

ቴዎድሮስ ይህ ገብቷቸዋል። ለዚህ ነው ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ እነ ዋልድማየርን፣ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡትን ሚስዮናውያን፣ መድፍ ቅለጡልኝ ብለው የያዟቸው። ሰዎቹ የእጅ ሥራ እንጂ መድፍ አያውቁም ነበር። እየሞከሩ፣ እየከሸፈባቸው፣ እንደገና እየሞከሩ በመጨረሻ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተወለደ። ስሙን ያገኘው በክራይሚያ ጦርነት ከታወቀችው ምሽግ ነው። በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ መንገድ እየተጠረገለት፣ በመቶዎች በሚቆጠር ሰው እየተጎተተ፣ ስድስት ወር ያህል ፈጅቶ መቅደላ ደረሰ።

ጄኔራል ናፒየር ደግሞ 13,000 ያህል ወታደር ይዞ መጣ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት፣ ሁለቱ ጦሮች እሮጌ ላይ ተገናኙ። እንግሊዞች የያዙት ስናይደር ከኋላ የሚጎርስ አዲስ ጠመንጃ ነበር። በውጊያ ሲተኮስ ያ የመጀመሪያው ነው፤ የተፈተነው በእኛ ሰው ላይ ነው። ፊታውራሪ ገብርዬን ጨምሮ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ወደቁ። ከእንግሊዝ ወገን ሃያ ያህል ሰው ቆሰለ፤ ከነሱ የሞቱት ሁለት ናቸው።

በፋሲካ ማግስት፣ ሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን፣ አምባው ተያዘ። ንጉሡ እጅ አልሰጥም ብለው በዚያችው ከንግሥቲቱ በመጣች ሽጉጥ ሕይወታቸው አለፈ።

ብዙዎቻችን ያደግነው ይህንን ሞት እንደ ጀግንነት ቁንጮ እየሰማን ነው። የንጉሡን ክብር አልነካም። እኔን ግን ከመቅደላው ሞት ይልቅ ጋፋት ይበልጥብኛል። በጋፋት የነበረው የመሥራት ፍቅር ነው። ከመቅደላ በኋላ የወረስነው ግን የመያዝ ፍቅርን ብቻ ነው።

ማስረጃው አንደበታችን ላይ አለ። እሮጌ ላይ የፈጀን ስናይደር "ሰናድር" ተብሎ አማርኛ ሆነ። የፈረንሳዩ ግራ "ውጅግራ"፣ ማንሊከር "ምንሽር" ተባሉ። ስም አወጣንላቸው፣ ፎከርንባቸው፣ ለልጅ አወረስናቸው። ጥይታቸውን ግን ሁልጊዜ ከሌላ ሰው እጅ ነው የጠበቅነው።

"አድዋስ?" የሚለኝ አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ከደሴ ሩቅ አይደለም። ከደሴ ወደ ሰሜን አምባሰል ውስጥ ውጫሌ ላይ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክና ጣሊያን ውል ተፈራረሙ። በዚያ ወዳጅነት ዘመን ከጣሊያን ብዙ ጠመንጃ ገባ፤ ከፈረንሳይና ከሌላም ተገዛ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ያ መሣሪያ ከወሎ ፈረሰኛ ጋር፣ ከራስ ሚካኤል ጦር ጋር፣ አንድ ላይ ተሰልፎ ጣሊያንን ድል መታ። ልብ በሉ፤ እዚያ ያሸነፈው በየብብቱ የተሸጎጠ መሣሪያ አይደለም። በአንድ ዓላማ፣ በአንድ አዝማች ሥር የወጣ ጠመንጃ ነው። ስንቅ ነበረው፣ መረጃ ነበረው፣ አገር ነበረው።

ያም ሆኖ አርባ ዓመት ሳይሞላ ጉድለቱ ታየ። በ1928ቱ ወረራ ዋዜማ አውሮፓውያን የጦር መሣሪያ ሽያጭ ማዕቀብ ጣሉ። ለሁለቱም ወገን ነው አሉ። ጣሊያን የራሷ ፋብሪካ ነበራት፤ እኛ አልነበረንም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ፤ ቀይ መስቀል የተሳለበት ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው ወደ ሰማይ ያነጣጠሩበት ፎቶግራፍ ዓለምን ዞረ። ፎቶው ያኮራል። ግን በዚያች ቀን ደሴ ውስጥ በየወገቡ ስንት ሽጉጥ ታጥቆ ይሆን? ለአንዱም አውሮፕላን አልደረሰም።

የቅርቡንስ ማን ይረሳል? በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ደሴና ኮምቦልቻ ለአንድ ወር ያህል በጦርነቱ ውስጥ ወድቀው ነበር። ሰው ልጁን አዝሎ በእግሩ ሸሸ። ሽጉጥ ያለውም የሌለውም እኩል ሸሸ።

ያም ሆኖ የሽጉጥ ፍቅሩ አልቀነሰም፤ ባሰበት። ድሮ ማካሮቭና ስታር ነበሩ የሚታወቁት። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ቱርክ ሠራሹ በሱዳን ድንበር እየሾለከ ገባ፤ በነዳጅ ቦቴ ውስጥ ሳይቀር ተደብቆ ተያዘ የሚል ዜና ለጆሯችን አዲስ አይደለም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ወጥቷል፤ ያለፈቃድ መያዝ ወንጀል ነው። ከአዋጁ በኋላም ገበያው ቀጥሏል።

"ታዲያ መንገዱ ሰላም አይደለም፣ ሰው ይታገታል፣ ምን ልያዝ?" የሚለውን ሰው አልቀልድበትም። ፍርሃቱ እውነት ነው። ሰው በገዛ አገሩ ከከተማ ከተማ ለመሄድ ከፈራ ጥፋቱ የሱ አይደለም። ነገር ግን እውነቱን እንነጋገር። የሽጉጥ ርቀቷ ክፍል ውስጥ ነው፤ ጠረጴዛ ማዶ ነው። ድንበር አትጠብቅም፤ በሌሊት በክላሽ የመጣን አትመልስም። ጎረቤት ጋር፣ ወንድም ጋር፣ የትዳር ጓደኛ ጋር፣ ባለቤቷ ጋር ግን ትደርሳለች። በመጠጥ መሐል የተነሣ ቃል ድሮ በቡጢ ያልቅ ነበር። ዛሬ አንዱ ብብት ውስጥ የተሸጎጠ ነገር ካለ በለቅሶ ያልቃል። ወሎ ደግሞ ጠቡን በሽማግሌ፣ በአባጋር፣ በዱዓ የሚፈታ አገር ነው። ሽማግሌ የሚደርሰው ግን ጠበኞቹ በሕይወት ካሉ ብቻ ነው።

ለእነዚያ ሦስት ልጆች ያልነገርኳቸውን እዚህ ልንገራቸው።

ብረት መውደድ ነውር አይደለም። ቴዎድሮስም ይወዱ ነበር። ብረት የምትወዱ ከሆነ ግን ኮምቦልቻ ውረዱ። ቶርኖ ላይ ቆመው ከአንድ ዘንግ ብረት ለተሰበረ ወፍጮ፣ ለቆመ የጭነት መኪና መለዋወጫ የሚያወጡ ልጆች ታገኛላችሁ። እጃቸው በግሪስ የጠቆረ፣ ሚሊ ሜትር በዓይናቸው የሚለኩ ናቸው። ያንን የፈረንጅ ሽጉጥ እንዲያ ያሳመረው ተኳሹ አይደለም፤ እንደነሱ ያለ ሰው ነው። ቴዎድሮስ ባሕር ተሻግሮ እንዲመጣላቸው የለመኑት፣ እስከ ምጽዋ ደርሶ የተመለሰባቸው ባለሙያ ዛሬ ከደሴ ቁልቁል በታክሲ የሚደረስበት ቦታ ላይ ቆሟል። ማንም ግን ስልኩ ላይ ተደፍቶ የሱን ሥራ አያይለትም፤ ዋጋውንም አይጠይቅለትም።

ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ አምባ ላይ አለ። ስድስት ወር ሙሉ የተጎተተው ከባዱ ብረት ከነሠሪዎቹ ድካም ይታያል። ከንግሥቲቱ የመጣችው ቀላሏ፣ ውቧ፣ የምትሸጎጠው ሽጉጥ ግን ታሪክ የሚያስታውስላት ሥራ አንድ ብቻ ነው።

ከሁለቱ የትኛውን እንደምንወርስ የምንወስነው እኛ ነን።

ቸር እንሰንብት።